መድኃኒቱ ሲገባ የሚደውለው ሰው

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አይስ ቦክሱን አብረን አጠብን። ባለቤቴ ይታየው ከሞጣ የተመለሰው በዚያው ዕለት ረፋዱ ላይ ነበር፤ ናሙናዎቹን ሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብቶ፣ ባዶውን ሳጥን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ቤት ደረሰ። ከመስክ በተመለሰ ቁጥር ሳጥኑ ሳይታጠብ ምሳ አይቀርብም። እሱ በረኪና ባለበት ውኃ ውስጡን በጨርቅ ይፈትጋል፤ እኔ በጆግ አፈስለታለሁ። የዚያን ዕለት ቶሎ ቶሎ ይተነፍስ ነበር።

«ደከመህ እንዴ?» አልኩት።

«ግንደ ወይን ላይ መኪናው ተበላሽቶ ቆመን ነበር። ፀሐዩ ነው።»

ሳጥኑን ግድግዳው ሥር ደፍቼ ሳስቀምጥ፣ «ጥላ ላይ አድርጊው ስመኝ፤ ፕላስቲኩን ፀሐይ ይሰነጥቀዋል» አለኝ። ጥላ ላይ አደረግሁት። ምሳ በላን፤ ምስር ወጥ ነበር። ጨው የተከለከለ ሰው ስለሆነ እንደ ልማዱ ጨው የለውም ብሎ ተነጫነጨ፤ እኔም እንደ ልማዴ አልሰማሁትም። እሑድ እሱ ዕድር ነበረበት፤ እኔ የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም ዋልኩ። ሰኞ ጠዋት መነሣት አቃተው። ሆስፒታል አደረስነው፤ ቀትር ሳይሆን አረፈ። ደም ግፊቱ ነው አሉ።

ይታየው የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበር። ወጣትነቱን እዚሁ ቢቸና ጤና ጣቢያ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ጨረሰ። ኋላ የዩኒቨርሲቲው የጥገኛ ተሕዋስያን ዘረመል ምርምር ላቦራቶሪ በእኛ አገር የሚዞርለት ሰው ሲፈልግ ወሰደው። ላቦራቶሪው ከእኛ ከተማ በመኪና ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ቦታ ነው፤ እሱ ግን ቢቸና ሆኖ ከዚህ እስከ ሞጣ፣ እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ ድረስ ያሉትን መንደሮች ይዞርላቸው ነበር። የሚያጠኑት ቁንጭርን ነው።

ቁንጭርን ላላየ ሰው፣ ፊት ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉንጭና አፍንጫ ላይ የሚወጣ ቁስል ነው። ብዙም አያምም፤ ቶሎም አይድንም። ወሩ ዓመት ይሆናል፤ ሲሄድም ፊትን አበላሽቶ ነው። በገደል አፋፍ፣ ሽኮኮ ከሚኖርበት ዋሻ አጠገብ ያሉ መንደሮች ይበዛባቸዋል። ሕዝቡ የሌሊት ወፍ ነው የምታመጣው ይላል። የላቦራቶሪው ሰዎች ደግሞ አንዲት ለዓይን የማትሞላ ዝንብ የምታስተላልፈው ጥገኛ ነው ይላሉ። ሥራቸው የጥገኛውን ዘረመል እያነበቡ ከየትኛው መንደር ወደ የትኛው እንደሚዛመት፣ የትኛው ቁስሉ ለሚታከምበት መርፌ እንደሚበገርና የትኛው እንደማይበገር ማወቅ ነበር።

ይታየው ስለ ወፏ ሲነግሩት ተከራክሮ አያውቅም። «ወፏም ትኑር» ይላል፤ «ግን አንዲት ዝንብ አብራት አለች፤ እኔ የምከስሰው እሷን ነው።» ሽማግሌዎቹ ይስቃሉ። ጠበልም ላይ እንደዚያው ነው። «አይተዉት አባቴ፤ መርፌውን ይጨምሩበት እንጂ ጠበሉን አይቀንሱ» ይላቸዋል።

አንድ ነገር ነበረው፤ የላቦራቶሪው ተማሪዎች ሁሉ ከእሱ የወሰዱት። ቁስል ከመንካቱ በፊት ሰዎቹ እያዩት እጁን ይታጠባል። ከነካ በኋላ ግን እነሱ ፊት አይታጠብም። ጓንቱን አውልቆ፣ ተሰናብቶ፣ ከመንደሩ ወጥቶ መንገዱ ሲታጠፍ ነው ከጀሪካን አፍስሶ የሚታጠበው። «እኔን ነክቶ ታጠበ እንዲሉ አልፈልግም» አለኝ ስጠይቀው።

የመንደሮቹ ሰዎች ዶክተር ይሉታል። «ዶክተሯ ከተማ ናቸው፤ እኔ ይታየው ነኝ» ይላል። ማታ ቤት ሲገባ፣ «ዛሬም ሾሙኝ» ይለኛል።

ላቦራቶሪውን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ይዞኝ ሄዶ። ከቁመቴ የሚረዝሙ ማቀዝቀዣዎች ተደርድረው እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማሉ። ወጣቶቹ ሁሉ «ጋሼ፣ ጋሼ» እያሉ ከበቡት። ሰላም የምትባል የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ወንበር ሰጥታኝ፣ ሥራቸውን በኮምፒውተር አሳየችኝ። ከቁስል በተወሰደ ናሙና ውስጥ የሚበዛው የሰውየው የራሱ ዘረመል ነው አለችኝ፤ የጥገኛው ጥቂት ናት። ስለዚህ ከተነበበ በኋላ የሰውን ለይተው ያወጡታል፤ የጥገኛውን ያስቀሩታል።

«ሰማሽ ስመኝ?» አለ ይታየው። «ሰውየውን አውጥተው ጥገኛውን ነው የሚያስቀሩት።»

ሁሉም ሳቁ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ሣራም ሳቀች፤ ከእሱ በዕድሜ የምታንስ፣ ዓይኗ ሥር ሁልጊዜ ድካም ያለባት ሴት ናት። «ጋሽ ይታየው፣ እንግዲያው ሰውየውን እርስዎ ይያዙልን» አለችው።

እሱ እንደ ቀልድ የወሰደው አይመስለኝም።

ስለ ማርከሩ መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሱ ነው። ናሙና ሲወሰድ የቁስሉ ጠርዝ በምላጭ ጫፍ ተፍቆ አልኮል ያለባት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ብልቃጧ ላይ የሰውየው ቁጥር ይጻፋል። የሚጻፍበት ማርከር አልኮል የማያስለቅቀው ልዩ ነው፤ ከዚያም በተጨማሪ በእርሳስ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ብልቃጧ ውስጥ ይጨመራል። ይህን ሕግ ለተማሪዎቹ ሁሉ ያስተማረ ይታየው ነው። አንድ ቀን ግን የሱ ማርከር ደርቆ ኖሮ፣ ጠዋት ሲወጣ ከእኔ የትምህርት ቤት ቦርሳ አንዱን አንሥቶ ሄደ። የነጭ ሰሌዳ ማርከር ነበር። ሰው በዝቶበት፣ ዝናብም ደርሶበት፣ የእርሳሱን ወረቀት ቤት ስደርስ እጨምራለሁ ብሎ ተወው። ከሞጣ ቢቸና ያለውን መንገድ የሚያውቅ መንገጫገጩን ያውቀዋል። አንዲት ብልቃጥ ክዳኗ ላልቶ አልኮሏ ፈሰሰ። ሳጥኑን ሲከፍተው ብልቃጦቹ ሁሉ ንጹሕ ነበሩ፤ ቁጥር የሚባል የለባቸውም።

ወንበር ላይ ተቀመጠና ብልቃጦቹን አያቸው። «በአደረዳደራቸው ላውቃቸው እችላለሁ» አለኝ። ለራሱ ነበር የሚናገረው። «ይቺ የሽማግሌው ናት። ይቺ ያፍንጫዋ ልጅ…» ከዚያ ለዶክተር ሣራ ደወለ። ድምፅዋ ከስልኩ ወጥቶ ይሰማኝ ነበር።

«እርግጠኛ ነዎት ጋሽ ይታየው?»

«እርግጠኛስ አይደለሁም።»

«ካልሆኑ ይጣሉ። የአንዱን ቁስል ለሌላው አንሰጥም።»

ሳትቆጣው ቀረች፤ ይህ ከቁጣው ባሰበት። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበርና እኅቴም ሞጣ ስላለች፣ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ።

መንደሩ ከሞጣ ወደ ዓባይ ወገን ወረድ ብሎ ነው። መጀመሪያ የገባነው አባ ጥሩነህ የሚባሉ ሽማግሌ ቤት ነበር፤ ጉንጫቸው ላይ የብር ሳንቲም የሚያህል ቁስል አለባቸው። ይታየው ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ።

«ደግሞ ምን አጠፋን?» አሉት።

«እርስዎ አይደሉም አባ፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁ። የእርስዎን ምልክት የጻፍኩበትን ቀለም አልኮሉ አጠፋው። የሰጡኝ ናሙና የማን እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም።»

«አልኮሉ ጠጣኝ በለኛ።»

«ጠጣዎት አባ።»

«ጉድ ፈላ! እኔ በዕድሜዬ ስንቱን ጠጥቻለሁ፤ እኔን የጠጣኝ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።» ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። አባ ጥሩነህ ግን ሳቃቸውን ገትተው ይታየውን ትኩር ብለው አዩት። «ስማ ልጄ፤ ደማችንን የወሰደ ሁሉ ወስዶ ቀርቷል። ጠፋብኝ ብሎ እንኳ የተመለሰ አላየሁም። በል፣ ፋቅ» አሉና ጉንጫቸውን ሰጡት።

ሌሎቹም ፈቀዱ። የመጨረሻው ቤት የታንጉት ነበር። ታንጉት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍናለች። ይታየው ነገሩን ነግሯት ሳይጨርስ፣

«ከእኔ አትወስድም» አለችው። «አንዴ ፍቀህ ወሰድህ። ምን አገኘህበት? ምንም። መርፌውስ የት አለ? የለም። ታዲያ የኔ አፍንጫ ለምንድን ነው የሚፋቀው?»

«አንቱ በይ አንቺ ልጅ! እንግዳ ናቸው!» አሉ እናቷ ከውስጥ።

«እንግዳማ ቢሆን ዳቦ በገዛኝ።»

እናቷ እያፈሩ ነገሩን አስረዱን። ታንጉት ሞጣ ገበያ ዳቦ ትሸጥ ነበር፤ በዳቦዋ የታወቀች ነበረች። ቁስሉ አፍንጫዋ ላይ ከወጣ ወዲህ ገዢው ከሩቅ ያያትና ወደ ሌላዋ ያልፋል። ነጠላውም አላዳናት፤ የሸፈነች ዕለት ምን ደብቃ ነው ይላሉ። የዚያን ቀንም ያልተሸጠው ዳቦ እንዳለ ሞሰቡ ላይ ተቀምጧል።

ይታየው ተነሥቶ አንዱን ገዛ። እዚያው ቆርሶ ግማሹን ለእኔ ሰጠኝና በላ። ጥቁር አዝሙድ የበዛበት፣ ጥሩ ዳቦ ነበር። ታንጉት በልቶ እስኪጨርስ አየችው።

«አንቱ» አለች እናቷን በጎን እያየች፣ «አንድ ዳቦ ገዝተው አፍንጫዬን አይገዙም።»

ይታየው ሳቀ፤ ዳቦው ትን እስኪለው ሳቀ። ከዚያ፣ «እውነትሽን ነው። ናሙና አልጠይቅሽም» አላት። «መርፌው ሆስፒታል የለም፤ ሲገባ ግን እኔ እደውልልሻለሁ።»

«ይደውላሉ ብዬ ልጠብቅ?»

«ጠብቂ።»

ስልክ ተለዋወጡ። ከመንደሩ ወጥተን መንገዱ ሲታጠፍ የሌሎቹን ቁስል የነካበትን እጁን ታጠበ፤ «እሷን እንኳ አልነካኋት» አለኝና ጀሪካኑን ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ልማድ አወጣ። ናሙና የወሰደበትን ቤት ሁሉ ላቦራቶሪው ካነበበው በኋላ ተመልሶ ይሄድበታል፤ ያዩትን ይነግራቸዋል፤ ምንም ካላዩም ምንም አላየንም ይላቸዋል። ሥራው ውስጥ የተጻፈ አልነበረም። ዶክተር ሣራ ይህን ስትሰማ ናሙና ለመስጠት ፈቅደው ለሚፈርሙት ሁሉ በሚሰጠው ወረቀት ላይ የእሱ የራሱ ስልክ ቁጥር እንዲሆን አደረገች፤ እሱ ነው የለመነው።

ለታንጉት የገባው ቃል ግን አልቀለለም። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ መጣ። ኔትወርክ የሚጠፋበት፣ መብራት የማይኖርበት ጊዜ መጣ። በሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ ያለው ናሙና እንዳይበላሽ ጄኔሬተር ፍለጋ የሚዞርበት፣ ናሙናው በደጀን በኩል ይለፍ አይለፍ እያለ የሚጨነቅበት ጊዜ ነበር። መርፌውም አልመጣም። ይታየው ሰኞ ሰኞ ጠዋት ወደ ሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ይሄዳል። ፋርማሲስቱ ገና ከበሩ ሲያየው ራሱን ይነቀንቅለታል። ኔትወርክ በተመለሰ ቀን ደግሞ ታንጉት ትደውላለች።

«ጋሼ፣ ገባ?»

«አልገባም ታንጉቴ።»

«እሺ።»

በቃ ይኸው ነው። አታለቅስም፤ አትቆጣም፤ ስለ ጤናውም አትጠይቀውም። ስልኩን ሲዘጋ ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ ብሎ ከሆነ እዚያው እንደጎነበሰ ይቆያል።

የላቦራቶሪው ጥናት ታትሞ የወጣ ጊዜ ሰላም ከዩኒቨርሲቲው ደውላ በደስታ ጮኸችበት። እሱም ደስ አለው፤ ባልንጀሮቹን ጋበዘ። በስልኩ መሐል ግን፣ «የታንጉት ነገር ምን ይሁን?» አላት።

«የትኛዋ ታንጉት?»

«የሞጣዋ። ባለ አፍንጫዋ።»

«ውይ ጋሼ፣ እሷ እኮ ጥናቱ ውስጥ የለችም። ሁለተኛ ናሙና አልሰጠችም።»

«ስልኬ ውስጥ ግን አለች» አላት።

እኔም አንድ ቀን መክሬዋለሁ። እግሩ አብጦ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ሰኞ ነው ብሎ ሲነሣ፣ «እስቲ አንዴ እንኳ ሌላ ሰው ይጠይቅላት፤ አንተ ደክሞሃል» አልኩት።

«ማን?» አለኝ። ሊከራከረኝ አልነበረም፤ ሰው ካለ ሊልከው እየጠየቀኝ ነበር። እኔም ጫማውን አቀበልኩት።

ለቀብሩ ዶክተር ሣራና ተማሪዎቹ መንገዱ እንደምንም ተከፍቶላቸው ደረሱ። ሰላም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ የት እንደምትቆም ጠፍቷት ከእኔ ጀርባ ቆመች። ከመንደሮቹም ብዙ ሰው መጣ። ጉንጫቸው ላይ ክብ ጠባሳ ያለባቸውን ሳይ ከእሱ ጋር የተገናኙ መሆናቸውን አውቃለሁ። አባ ጥሩነህ አፈር ሲመለስ፣ «ተመላሹ ልጄ፣ ዛሬስ ቀረህ» ብለው አለቀሱ። እኔ እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ከይታየው ኮት ኪስ ስልኩ ጮኸ። ወንድሙ ሊዘጋው አወጣው። ስሟን አየሁና ተቀበልኩት።

«ጋሼ፣ ገባ?»

«ታንጉት፣ እኔ ስመኝ ነኝ። ባለቤቱ።»

«ጋሼስ?»

«አረፈ።»

የገበያ ጫጫታ ይሰማኛል፤ አንዱ ስለ በግ ይከራከራል። «ነፍስ ይማር» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እንግዲህ ማን ይነግረኛል?»

አጠገቤ ያለችው ጎረቤቴ ሰምታ ተቆጣች። «ምን ዓይነቷ ናት! በለቅሶ ቤት መድኃኒት ይጠየቃል?» አለች። እኔ አልተቆጣሁም። ታንጉት የምትጠብቀው አፍንጫዋን ነው፤ የእኛ ለቅሶ አፍንጫዋን አያቆይላትም።

«እኔ እነግርሻለሁ» አልኳት።

አርባው ካለፈ በኋላ ሰኞ ጠዋት መድኃኒት ቤቱ ሄድኩ። ፋርማሲስቱ ጥቁር ለብሼ ከበሩ ላይ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ። ራሱን ሊነቀንቅ አፈረ። «የለም እትዬ» አለኝ። በሚቀጥለውም ሰኞ የለም አለኝ። እንዲህ ስንባባል ክረምቱ አለፈ። ከዚያ አንድ ሰኞ ገና ከበሩ ሳልገባ፣ «ገብቷል! ግን ትንሽ ነው፤ ቶሎ ካልመጣች ያልቃል» ብሎ ጮኸብኝ።

ደወልኩ። አይሠራም። ሞጣ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። ለእኅቴም ሞከርኩ፤ እሷም የለችም። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅ ላይ ፍተሻ ነበር፤ ግንደ ወይን ላይ ሰው እስኪሞላ ቆምን። ይታየው ይህን መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ።

ሞጣ ገበያ የዳቦ ሻጮቹ ተራ ላይ ፈለግኋት፤ የለችም። አንዷ ሻጭ በአገጯ አመለከተችኝ። ታንጉት ከከሰል ተራ ተቀምጣ ነበር። ከሰል የሚበላ አይደለምና ማንም የሻጩን ፊት አያይም። ነጠላዋን ትታዋለች። የግራ አፍንጫዋ ጠርዝ ተበልቶ ሄዷል።

«ገባ» አልኳት።

አልተነሣችም። «እውነት?» አለች።

«እውነት። ቶሎ ካልሄድን ያልቃል።»

«ከሰሉስ?»

«ለጎረቤትሽ ተዪው።»

«ይቺ? ይቺ ከሰሌን ሸጣ ዘመዶቿን ትድርበታለች» አለች፤ ጎረቤቷም፣ «ሂጂ ወዲያ፣ ድነሽ ነይና ተሳደቢ!» ብላ ጆንያዋን ጎተተችላት። ያን ጊዜ ተነሣች።

በዚያው መኪና ቢቸና ይዣት ተመለስኩ። መርፌውን እስክትጨርስ እኔ ቤት ተቀመጠች። መርፌው ከባድ ነው፤ መገጣጠሚያዋን ያማታል፤ ምግብ አልበላ ይላታል። አንድ ቀን፣ «ጋሼ ይህን ያህል እንደሚያም አልነገሩኝም» አለችኝ። «ቢነግርሽ ትቀሪ ነበር?» አልኳት። «እቀር ነበር እንዴ! ግን በነገሩኝ» አለች። ቁስሉ ደረቀ። የተበላው ጠርዝ አልተመለሰም፤ አይመለስምም። የምትሄድ ዕለት ዳቦውን ትጀምር እንደሆነ ጠየቅኋት። «ሰው ያየውን አይረሳም እታለም፤ ከሰሉ ይሻለኛል» አለችኝና ሄደች።

በቅርቡ ዶክተር ሣራ ደወለችልኝ። በይታየው ቦታ ሌላ ሰው ተቀጥሯል፤ ጎበዝ ወጣት ነው አለችኝ። ለሰዎቹ የሚሰጠው ወረቀት እንደገና ሊታተም ነውና የጋሽ ይታየውን ስልክ እናውጣው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ተዉት አልኳት። ከመንደሮቹ አሁንም ይደውላሉ፤ ማረፉን የሰሙም ያልሰሙም። መርፌው ታንጉት ከጨረሰች ጥቂት ቆይቶ አልቋል።

ሰኞ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳይጀመር፣ ሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ሄጄ እጠይቃለሁ። ከዚያ ለሚጠብቁት እየደወልኩ አለ ወይም የለም እላቸዋለሁ።